ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው የቱ ነው? ቀፎው ወይስ ሞተሩ?

ቀዛፊ (ጥያቄውን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች ለምርጫ ቀርበውልኛል። አንደኛዋ 5.5 ሜትር ርዝመት ያላት ክፍት የፋይበርግላስ ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ሞተር ተሰቅሏል። ሁለተኛዋ 4.8 ሜትር ስትሆን በሪቬት የተያያዘች አሉሚኒየም ናት፤ ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ነው። ሁለቱም የሚሸጡት ከነተሳቢያቸው ነው። ሥራው ሁለት ሰው፣ አልፎ አልፎ ሦስት ሰው ከመረብና ከበረዶ ሣጥን ጋር መጫን ነው። ሻጮቹ “ሞተሩ እንደ አዲስ ነው” ከማለት ያለፈ ብዙ አይናገሩም። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምኑን በምን ቅደም ተከተል ልይ? የቱ ጉድለት ዋጋ ያስቀንሳል፣ የቱስ ጥሎ ያስኬዳል?

መልህቅ

ቀፎው፣ ማለትም የጀልባዋ አካል፣ ይቀድማል። ሞተር ተነቅሎ ሌላ ይሰቀላል፤ ውስጡ ውሃ የጠጣ የፋይበርግላስ ቀፎ ግን ከላይ ቀለም ተቀብቶ እያማረ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ከኋላ ጀምር። ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚባለው፣ በአብዛኞቹ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ላይ በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል የታሸገ ኮምፔንሳቶ ነው። ሳይታሸግ የተበሳ አንድ የብሎን ቀዳዳ ለዓመታት ውሃ ያስገባል። ውሃው ወጥቶ የሚደርቅበት መንገድ ስለሌለው እንጨቱ እዚያው ይበሰብሳል። ሞተሩ ደግሞ ከ100 ኪሎ በላይ ሆኖ በእያንዳንዱ ማዕበል እዚያው ግድግዳ ላይ ይነቀንቃል።

አሞካከሩ ይህ ነው። ሞተሩን ግማሽ ድረስ ወደ ላይ አንሳው። ከፕሮፔለሩ በታች ያለውን ክንፍ በሁለት እጅህ ይዘህ በሰውነትህ ክብደት ወደ ታችና ወደ ላይ ወዝውዘው። ሌላ ሰው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በትራንሰሙ ላይ አስደግፎ ይመልከት። ሞተሩ ብቻ ተነቃንቆ ግድግዳው ቀጥ ካለ ብሎኖቹ ላልተዋል ወይም የሞተሩ መወዛወዣ ቡሽ አልቋል፤ ይህ ቀላል ነው። ግድግዳው ራሱ ከተለመጠ፣ ወይም ከጎኖቹ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ከታየ፣ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው።

ቀጥሎ በካቻቪቴ የፕላስቲክ እጀታ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቆርቁር። ደረቅ እንጨት ጠንከር ያለ፣ የሚነጥር ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታችኛው ማዕዘን ስትወርድ ድምፁ በድንገት የሚለወጥበትን ቦታ በኖራ አክብበው። የሞተሩ ብሎኖች ዙሪያ ቡናማ ፈሳሽ ወርዶ የደረቀበት መስመር ካለ ምስክር አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ደግሞ የውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ትራንሰሙን ከውስጥ ወደ ውጭ አቋርጦ ስለሚያልፍ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ሻጩን አስፈቅደህ የማፍሰሻውን የነሐስ ቀለበት የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ብሎኖች ፍታ። ብሎኑ ላይ የመጣው የእንጨት ብናኝ ደረቅና ፈዛዛ ቡኒ ከሆነ መልካም። ጥቁር፣ እርጥብና የሻገተ ከሸተተ የቀረውን ለማየት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ዋጋው ላይ ተነጋገር።

ወለሉን በተረከዝህ እየረገጥክ ዙረው፤ በተለይ የመቀመጫው እግርና የመሪው ማቆሚያ የታሰሩበትን ቦታ። የሚሰምጥ ወለል ብቻውን የወለል ችግር ነው። ከሥሩ ያሉት ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ድጋፎች ከተነኩ ግን ጀልባው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ካምቢዮ

ከመልህቅ ጋር ስለ ትራንሰሙ አልከራከርም፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። በዚህ መጠን ባለ ጀልባ ላይ ከዋጋው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሞተሩ ነው። ሞተሩ ከሞተ ቀፎው ምንም ያህል ቢደርቅ ገንዘቡ ወጥቷል። ደግሞም የሞተሩ ዋና ዋና ምርመራ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ ስለዚህ እሱ ይቅደም።

ስትደርስ መጀመሪያ የሞተሩን ክዳን ከፍተህ ሲሊንደሩን በእጅህ ንካ። ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት ማስቸገሩን፣ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ መንቀጥቀጡን፣ ማጨሱን የምታየው ከቅዝቃዜው ሲነሳ ብቻ ስለሆነ ሌላ ቀን ቀጥረህ ተመለስ።

የታችኛው ካምቢዮ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የማርሽ ሳጥን፣ ዘይት ሌላው ዋና ነገር ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሌሊቱን ይቁም። ጠዋት የታችኛውን የዘይት ብሎን ትንሽ ብቻ አላላ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ፓራኦሊው (በአክሱ ዙሪያ ያለው የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ውሃ እያስገባ ነው። ብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው የሚለጠፍበት ስስ ግራጫ ቅባት የተለመደ የማርሽ መበላት ነው። በጥፍር የሚያዝ የብረት ቅንጣት ግን ማርሹ ወይም ኩሽኔታው እየተሰበረ መሆኑን ይናገራል። ብሎኑን ስትመልስ የማሸጊያ ቀለበቱ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን መልሰህ ካሰርከው አንተ ራስህ ውሃ አስገባህ።

ዘይቱ እንደ ማር ጥርት ያለና አዲስ ከሆነም አትዘናጋ፤ ትናንት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ውሃ ላይ ከተሞከረ በኋላ ደግመህ አላላው።

አሁን ለዓሣ ጀልባ ብቻ የሚሆን ነገር ልንገርህ። ፕሮፔለሩን አውልቅ። መቆለፊያውን ፒን አውጣ፣ ዳዶውን ፍታ፣ ፕሮፔለሩንና ከበስተኋላው ያለውን ወፍራም ሮንዴላ ሳብ። አክሱ ከካምቢዮው በሚወጣበት ሥር፣ ፓራኦሊው አጠገብ፣ የናይለን ክር ተጠምጥሞ ታገኝ ይሆናል። ክሩ በዙረት ግጭት ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ፓራኦሊውን ቆርጦ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ዘይት ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ካምቢዮው ያልቃል። መረብና መንጠቆ በሚጣልበት ጀልባ ላይ ከሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ ይህኛው የበለጠ ካምቢዮ ያበላሻል ብዬ አምናለሁ። ክር ካገኘህና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ፓራኦሊ አስቀይረህ ትቀጥላለህ። ክርም ወተት የመሰለ ዘይትም ካገኘህ የካምቢዮ እድሳት ከዋጋው ላይ ይነሳ።

ፕሮፔለሩን ከመለስክ በኋላ ማርሹን ነፃ አድርገህ በእጅህ አሽከርክረው፤ ዓይንህን ከአክሱ ጫፍ ላይ አታንሳ። ጫፉ ክብ እየሳለ ከዋለለ አክሱ ጎብጧል፤ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል።

ቀዛፊ

ሁለታችሁም እናመሰግናለን። ካምቢዮ፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለካት አለበት ይባላል። ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው? ለቱ ስትሮኩና ለፎር ስትሮኩ አንድ ነው?

ካምቢዮ

አንድ አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚነግርህ። ቱ ስትሮክ አውትቦርድ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 130 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) ያሳያል። ፎር ስትሮክ በአብዛኛው ከዚያ ከፍ ይላል፤ ግን አንዳንዶቹ ሲነሱ ኮምፕሬሽን የሚቀንስ መሣሪያ ስላላቸው ዝቅ ብለው ቢታዩም ጤነኛ ናቸው። ስለዚህ የዚያን ሞዴል የጥገና መጽሐፍ ተመልከት። ደንቡ ግን ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ከ10 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ነው። 120፣ 118፣ 121 መልካም ነው። 120፣ 119፣ 95 ከሆነ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

አለካኩ ራሱ ሰውን ያሳስታል። ሞተሩ መሞቅ አለበት። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወልቁ፤ አንዱን ብቻ አውልቆ መለካት ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) ስለሚያከብደው ንባቡ ይዛባል። የአደጋ ማጥፊያው ገመድ ይነቀል፣ የካንዴላ ገመዶቹም ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰሩ፤ ሜዳ ላይ ከተተዉ ብልጭታው የሚወጣውን የቤንዚን ጭስ ሊያቀጣጥል፣ ኤሌክትሮኒክሱንም ሊያቃጥል ይችላል። ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የመለኪያው መርፌ ከፍ ማለት እስኪያቆም እኩል ዙር ይዙር። ባትሪው ደካማ ከሆነ የመጨረሻው ሲሊንደር ዝቅ ይላል፤ የመጀመሪያውን መልሰህ ለካና አወዳድር።

ፎር ስትሮኩ ላይ አንዱ ዝቅ ካለ፣ በዚያ ካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከጨመረ ያለቀው የፒስተን ፋሻ ነው። ባለበት ከቀረ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ጋስኬት ጠርጥር። ሁለት ጎረቤታም ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ካሉ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ነው።

ፎር ስትሮኩ ላይ ሌላ አንድ ነገር፦ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ አሽትት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በፋሻው አልፎ እየወረደ ነው። ለረጅም ሰዓት በዝግታ የሚሳብበት የዓሣ ሥራ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ እንዳይደርስ ያደርገዋል፤ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ክፍት ሆኖ ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቴርሞስታት ርካሽ ነው። በቀጠነ ዘይት ለዓመታት የዞረ ኩሽኔታ ግን አይመለስም።

ላሜራ

ስለ አሉሚኒየሟ ማንም አልጻፈም። ሁለት ሰው ሆኖ መረብ ለሚጥል፣ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለሚጎትት እኔ እሷን አስቀድማለሁ። ቀላል ናት፤ 40ው ይበቃታል፤ ስትጋጭ ትጎደጉዳለች እንጂ አትሰነጠቅም።

የሪቬት ጀልባ ፈተናዋ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። ተሳቢው ላይ እንዳለች ማፍሰሻዋን ዝጋና ውስጧን ውሃ ሙላ፤ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ወለሏ 4 ሜትር በ1.2 ሜትር ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ 240 ሊትር፣ ማለትም 240 ኪሎ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚሞሉ ሰዎች አንድ ቶን ገደማ ይጭኑባትና ራሳቸው ያጎብጧታል። ከሥሯ ገብተህ የሚያንጠባጥበውን ሪቬት ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። በየቦታው የተበተኑ አምስት ስድስት ሪቬቶች በመዶሻና በመደገፊያ ብረት መልሰው ይጠብቃሉ፣ ወይም ይቀየራሉ። በአንድ መስመር ተከታትለው ሃያ ሪቬት ካለቀሰ ላሜራው በዚያ ድጋፍ ላይ እየሠራ ነው፤ ያ ጀልባ ደክሟል።

በሪቬት ላይ ብየዳ ካየህ ተጠንቀቅ። የብየዳው ሙቀት አጠገቡ ያሉትን ሪቬቶች ያላላል፤ ስለዚህ አንዱን ሲዘጉ ሁለቱን ከፍተዋል።

አሉሚኒየምን ዝገት አይነካውም የሚባለው ልክ አይደለም። አሉሚኒየም የሚበላው ከሌላ ብረት ጋር ሲነካካና እርጥበት ሲኖር ነው። ከወለሉ ሥር የወደቀ የእርሳስ ማጥለቂያ ወይም የመዳብ ሽቦ ቁራጭ እዚያው ተኝቶ ላሜራውን ሊበሳ ይችላል። ወለሉን ማንሳት የሚቻል ከሆነ አንስተህ በባትሪ መብራት እይ፤ ነጭ ዱቄት የተከመረበትን ቦታ በጥፍርህ ፍቀህ ጥልቀቱን ፈትሽ። ወለሉ በአዲስ እንጨት ተቀይሮ ከሆነ የእንጨቱን ዓይነት ጠይቅ፦ ምስጥና ሻጋታ እንዳይነካው በመዳብ መድኃኒት የተነከረ አረንጓዴ ቢጤ እንጨት ከአሉሚኒየም ጋር ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። ከሥር የተቀባው ቀለምም መዳብ ያለበት ከሆነ እንዲሁ።

ስንጥቅ የሚጀምረው ከመቀመጫዎቹ ጫፍና ከትራንሰሙ የማዕዘን ድጋፎች ነው። ደግሞ አንዳንድ ሰው ይረሳዋል፦ የአሉሚኒየም ጀልባም ትራንሰሙ ውስጥ ኮምፔንሳቶ አለው። የመልህቅ ፈተና እዚህም ይሠራል።

መልህቅ

ላሜራ ልክ ነው።

ለፋይበርግላሷ አንድ ፈተና ልጨምር፤ ለእኔ ከእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የበለጠ እምነት የሚጣልበት ነው። መለኪያው ከሥሩ ብረት ሲኖር ወይም የመዳብ ቀለም ሲነካ ይሳሳታል፤ ከውሃ በወጣች በማግሥቱም ላዩ እርጥብ ስለሚሆን ሁሉንም “እርጥብ” ይላል። ሚዛን ግን አይዋሽም። ከወለሉ በታች የተሞላው የመንሳፈፊያ ፎም ውሃ ከጠጣ ውጭው ምንም ምልክት ሳያሳይ ጀልባዋ ትከብዳለች።

ጀልባዋን ከነተሳቢዋ የመኪና ሚዛን ላይ አስመዝን። የተሳቢውን ክብደት ከሳህኑ ላይ ታገኘዋለህ። ለምሳሌ ያህል ፋብሪካው ባዶ ቀፎዋን 450 ኪሎ ብሎ ከሆነ፣ ባለ 60 ፎር ስትሮክ 110 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪው 20፣ 50 ሊትር ቤንዚን 37 ኪሎ ገደማ፤ ድምሩ 617 ነው። ሚዛኑ የተሳቢውን ቀንሶ 640 ካለ ገመድና ኮተት ነው። 760 ካለ ግን 143 ኪሎ ባለቤት የሌለው ክብደት አለ፤ ፎሙ ውስጥ የተቀመጠ 143 ሊትር ያህል ውሃ መሆኑን እገምታለሁ። የጠጣ ፎም ወለሉ ሳይቀደድ አይደርቅም። ጀልባዋ ብትገለበጥ ሊያንሳፍፋችሁ የተቀመጠው ነገር ያኔ እንደታሰበው አይረዳም፤ ይህን እንደ ዋጋ ጉዳይ ብቻ የሚያይ ሰው ሲገኝ ያሳዝነኛል።

የውጭው ልስን ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈራም፤ አቀማመጡን ግን አንብብ። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ ዙሪያው የሚበተን የምት ምልክት ነው። ጎን ለጎን ተደርድሮ ማዕዘን የሚከተል ግን ቀፎው በዚያ ቦታ እየተለመጠ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ከውሃ መስመር በታች ጥቂት ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ካሉ ዋጋ አስቀንስባቸው እንጂ አትሽሽ። ለሽያጭ ተብሎ ከሥር አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ከቀለሙ በፊት የተነሳ ፎቶ ጠይቅ።

ዳርቻ

የውሃ ላይ ሙከራውን እኔ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ሁለት ዙር ዞሮ “ትሄዳለች” ብሎ ይመለሳል።

በሥራ ላይ የምትጭነውን ያህል ጫን። አንድ ሰው ብቻ ይዛ የምትበር ጀልባ ሦስት ሰውና 150 ኪሎ በረዶ ይዛ ላትነሳ ትችላለች። እንደተነሳች የማቀዝቀዣ ውሃው ከሞተሩ ጎን በጥንካሬ መፍሰሱን እይ። ቀጭንና የሚቆራረጥ ከሆነ መውጫውን በቀጭን ሽቦ ጥረግ፤ ካልተስተካከለ የውሃ ፖምፓው የጎማ ክንፍ አልቋል። ክንፉ ያለ ውሃ ሲዞር በአጭር ጊዜ ይቃጠላልና ሻጩ መሬት ላይ ያለ ውሃ “ላሰማህ” ሲል አስቁመው።

ከሞቀ በኋላ ነዳጁን ሙሉ ክፈትና የዙር ቆጣሪውን አንብብ። የሞተሩ መጽሐፍ ከ5000 እስከ 6000 ዙር በደቂቃ ካለና የአንተ ጭነት ላይ 4600 ብቻ ከደረሰ፣ ወይ ፕሮፔለሩ ከልክ በላይ የሚገፋ ነው፣ ወይ ሥሯ ቆሽሿል፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል፣ ወይ ቀፎዋ ውሃ ጠጥታለች። የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) በአንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ13 ወደ 11 ቢወርድ ወደ 5000 ይጠጋል። ኮምፕሬሽኑ እኩል፣ ሚዛኑ ልክ ከሆነ ፕሮፔለር ቀይረህ ትገላገላለህ። ዙሩ ሽቅብ እየወጣ ጀልባዋ ካልሄደች የፕሮፔለሩ የውስጥ ጎማ ተንሸራቷል፤ ያ ቀላል ነው።

ሙሉ ፍጥነት ላይ ጥቂት ደቂቃ ያዛት፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ሚኒሞ አውርደህ ወደፊት፣ ነፃ፣ ወደኋላ እያልክ ቀይር። ማርሹ ሲገባ አንድ ጊዜ ጠቅ ማለቱ ደግ ነው። ገብቶ በጭነት ላይ የሚዘል ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። መሪውን ከጫፍ ጫፍ አዙር፤ የደረቀ የመሪ ኬብል በግራሶ አይድንም፣ ይቀየራል።

ወደ ዳርቻ ስትመለስ ወዲያው የውስጡን ውሃ እይ። መረብ የረጨው እፍኝ ውሃ ሌላ ነው፤ ፖምፓ የሚያስነሳ ውሃ ሌላ ነው።

ቀዛፊ

ዳርቻ፣ ይህን በጣም ፈልጌው ነበር። ጭነቱን በተመለከተ የፋይበርግላሷ ሳህን ላይ ሲ የሚል ምልክት አለ፤ የአሉሚኒየሟ ዲ ይላል። ምን ያህል ልተማመንበት?

ዳርቻ

በአውሮፓ ደንብ የተሠሩ ጀልባዎች ላይ የሚለጠፍ ነው። ሲ ማለት እስከ 6 ቦፎርት (የነፋስ ጥንካሬ መለኪያ) ነፋስና እስከ 2 ሜትር ማዕበል ተብሎ የተነደፈ ነው። ዲ ደግሞ እስከ 4 ቦፎርት ነፋስና 0.3 ሜትር ማዕበል ነው፤ ማለትም ለተጠለለ ውሃ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚነሳበት ሰፊ ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ ከሆንክ የላሜራን ምክር እንደገና አስብበት። ከፊደሉ አጠገብ የሰው ብዛት፣ ከፍተኛ ጭነት በኪሎ፣ የሞተር ከፍተኛ ጉልበት ተጽፎ ታገኛለህ። እርጥብ መረብ ከደረቁ እጅግ ይከብዳል፤ ስሌትህን በእርጥቡ አድርግ። መረብ በጎን በኩል ሲሳብ ሁለት ሰው በአንድ ወገን ይቆማል፤ በሙከራው ላይ ይህንኑ አድርጋችሁ ጠርዙ ከውሃው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚቀረው ለኩ።

ላሜራ

ዲ ከሆነች እኔም ለሰፊ ውሃ አልመክርም። ለተጠለለ ውሃ ያልኩት ያው ነው።

ፊውዝ

ሽቦውን ማንም አላነሳውም። ያረፈ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይም የገመዱ ማያያዣ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ዙሩ ከፍ ሲል 13.5 ካላለፈ ቻርጅ አያደርግም። የውስጥ ውሃ መጣያው ፖምፓ ተንሳፋፊ ማብሪያውን በእጅህ አንስተህ ፖምፓው መነሳቱን አረጋግጥ፤ ባለቤቱ ቁልፉን ተጭኖ ስላስነሳው ብቻ ተንሳፋፊው ይሠራል ማለት አይደለም። በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ መገጣጠሚያ ከታች ካየህ ሁሉንም እንደምታድሰው ቁጠር። ሽቦውን ልጠህ እየው፦ መዳቡ ከጠቆረ እርጥበት ውስጡን ገብቶ ሄዷል።

ነዳጁም ላይ፦ ውሃ የሚለየውን ማጣሪያ ፍታና ይዘቱን በብርጭቆ ገልብጥ። ውሃ ከሥር ይዘቅጣል። ከወለል በታች የተቀበረ የአሉሚኒየም ታንክ ካላት፣ ታንኩ እርጥብ ፎም ላይ ተኝቶ ከሥር ይበሳል፤ ወለሉ ሳይነሳ አይታይም። ጀልባዋ በፀሐይ ቆማ ሳለ ክፍሉን ከፍተህ የቤንዚን ሽታ ከመጣብህ ሞተሩን አታስነሳ።

ሰነድ_ያዥ

ወረቀቱ ሳይታይ ቀብድ አይከፈል። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ትራንሰሙ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ የቀፎው መለያ ቁጥር ተቀርጾ አለ። በዓለም አቀፉ ደረጃ 14 ፊደልና ቁጥር ነው፣ በአሜሪካ ደንብ 12፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ያሳያሉ። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ተፍቆ፣ ተሞልቶ ወይም ቀለሙ ከዙሪያው ተለይቶ ከሆነ ጨዋታው አብቅቷል። የሞተሩ ቁጥር ማቀፊያው ላይ በሳህን ተለጥፎ ይገኛል፤ ብዙ ሞተሮች ላይ በብሎኩ ላይ ባለ ክብ የብረት መክደኛም ይደገማል። ሳህኑ ተነቅሎ መክደኛው ብቻ ከቀረ፣ ወይም ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ሞተሩ የመጣበትን አትጠይቅ፤ ተመለስ።

የቀፎው፣ የሞተሩና የተሳቢው ቁጥሮች ሦስቱም በሽያጭ ውሉ ላይ ይጻፉ። የማጥመድ ፈቃድ ከጀልባው ጋር አብሮ ይተላለፋል ብለህ አትገምት፤ ፈቃድ ሰጪውን ጠይቅ። ዕዳ ያለበት ጀልባ ከሆነም አበዳሪው የለቀቀበት ደብዳቤ ከርክክቡ በፊት ይቅረብ።

ቀዛፊ

የፋይበርግላሷን አየኋት። ኮምፕሬሽኑ በሁሉም ሲሊንደር እኩል ነው፣ የካምቢዮው ዘይት ንጹሕ፣ ክር አልነበረም፣ ቁጥሮቹ ይስማማሉ። ሚዛኑ 655 ኪሎ አለ፣ ስሌቱ 620 ነበር። ትራንሰሙ አልተለመጠም፤ ግን ከማፍሰሻው በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ከብሎኑ ጋር የመጣው ብናኝም እርጥብ ነው። ሻጩ የውሃ ላይ ሙከራ የሚፈቅደው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው ይላል። ይህ ጥሎ የሚያስኬድ ነው?

ሰነድ_ያዥ

በቀብዱ ላይ፦ ትንሽ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ “በውሃ ላይ ሙከራ ዙሩ በሞተሩ መጽሐፍ ከተጻፈው በታች ከሆነ፣ ከሞቀ ወይም ውሃ ካስገባ ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል” የሚል ይኑርበት። ይህን የማይፈርም ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል።

መልህቅ

ግድግዳው ካልተለመጠና ክብደቷ ይህ ከሆነ አይጥልም። 35 ኪሎው ገመድ፣ መልህቅና ወለል ላይ ያለ ኮተት ሊሆን ይችላል፤ ባዶ አድርገህ ብትደግመው ጥሩ ነው። የታፈነውን ቦታ ወሰን ለማወቅ ከውስጥ በኩል በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ጥቂት ቀዳዳ ይበሳ፤ የውጭውን ንጣፍ እንዳታልፍ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠምጥመህ ጥልቀቱን ወስን። ብናኙ ደረቅ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይና ወደ ጎን ሂድ። የሻጩ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑርህ።

እርጥበቱ ከማፍሰሻው ዙሪያ አንድ መዳፍ ላይ ካቆመ፣ የውስጡ ንጣፍ በዚያ መጠን ተቆርጦ፣ የበሰበሰው ተፍቆ ወጥቶ፣ ቀሪው በደንብ ደርቆ በኤፖክሲና በአዲስ የባሕር ኮምፔንሳቶ ይሞላል፤ ከላዩ ፋይበር ይለበሳል። የሞተሩ የታችኛ ብሎኖች ድረስ ከወጣ ግን ቁርጥራጭ ጥገና ገንዘብ ማባከን ነው። ያኔ ሞተሩ ይወርዳል፣ ትራንሰሙ ሙሉ እንጨቱ ይቀየራል፤ ዋጋ ስትደራደር ያንን ሙሉ ሥራ ከባለሙያ አስገምተህ ቀንስ።

በየትኛውም መንገድ ማፍሰሻውን ስትመልስ አዲሱን እንጨት ባዶውን አትተወው። ቀዳዳውን ከቱቦው አስፍተህ ብሳ፣ በወፈረ ኤፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ በኤፖክሲው መሐል በቱቦው ልክ ደግመህ ብሳ። ለትንንሾቹ ብሎኖችም እንዲሁ። ብሎኑ የሚነክሰው ኤፖክሲውን ይሆናል፤ ውሃ በቀለበቱ ሥር ቢገባም እንጨቱ ጋ አይደርስም።